ልብሱ የማን ነው? በኮሶዬ የተደረገ ሕዝባዊ ገለጻ

በዚህ በኮሶዬ ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ልታዳምጡኝ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ በሥዕል የምናየው ያማረ ልብስ ስለ ለባሿ ምን ይነግረናል?

ከቅርባችን ልጀምር። በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት በሚገኘው በናርጋ ሥላሴ ግድግዳ ላይ እቴጌ ምንትዋብ በእመቤታችንና በልጇ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራሳቸው ናቸው። ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1730 ሲነግሥ የመንግሥቱን ሥራ የያዙትም እርሳቸው ነበሩ። የዘመኑ የጎንደር ሠዓልያን የጨርቅን አበባና እጥፋት በጥንቃቄ ይሥሉ ነበር፤ በምፅዋ በኩል የሚገባውን የባሕር ማዶ ጨርቅም ያውቁታል። ስለዚህ እቴጌይቱ በትሕትና ቢደፉም ልብሳቸው ማዕረጋቸውን ይመሰክራል።

በዚያው ክፍለ ዘመን፣ በጃፓን ኤዶ ከተማ፣ ባለ ብዙ ቀለም የእንጨት ኅትመት ከ1765 ጀምሮ ተስፋፋ። ሠዓሊው ይነድፋል፤ ቀራጩ በእንጨት ላይ ይፈለፍላል፤ አታሚው ለየቀለሙ የተለየ ሰሌዳ እየተጠቀመ ያትማል፤ አሳታሚው ይሸጣል። ኪታጋዋ ኡታማሮን የመሳሰሉ ሠዓልያን በመንግሥት ፈቃድ በተቋቋመው በዮሺዋራ ሰፈር የሚኖሩትን ሴተኛ አዳሪዎች ከነኪሞኗቸው ሣሉ። መቀነታቸውን ከፊት አሥረው፣ ጸጉራቸውን በብዙ መርፌ አስጊጠው ይታያሉ። የከተማው ሴቶችም ፋሽኑን ከእነርሱ ይቀዱ ነበር።

ነገር ግን ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው በድህነት ምክንያት በብድር ውል በልጅነታቸው የሰጧቸው ነበሩ። የኪሞኖው፣ የመኝታው፣ የአገልጋዮቻቸውም ልብስ ወጪ በዕዳቸው ላይ ይጨመር ነበር። ልብሱ በተዋበ ቁጥር ነጻ የሚወጡበት ቀን ይርቃል። ሥዕሉ ውበቱን ያሳየናል፤ ዕዳውን ግን ይሰውርብናል።

እንግዲህ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው ልዩነቱ በጨርቁ ጥራት ላይ አይደለም። ምንትዋብ ሥዕላቸው ያለበትን ቤት ያሠሩ ባለቤት ናቸው፤ የዮሺዋራዋ ሴት ግን መልኳ የሌሎች ሸቀጥ ነው። ተማሪዎቼ ሆይ፣ ከማንኛውም ያማረ ሥዕል ፊት ስትቆሙ ከማድነቃችሁ ጋር ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ሥዕሉን ያዘዘው ማን ነው? የልብሱንስ ዋጋ የከፈለው ማን ነው?