አሮጌ የስቴሪዮ መቀበያ ሲመረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው ጊዜ «ሪሲቨር» ሲባል በብዙው ሰው ሐሳብ የሚመጣው ከዲሽ ጋር የሚገጠመው ሣጥን ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይ ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተሠራው፣ ሬዲዮውን፣ የሸክላ መግቢያውንና የኃይል ማጉያውን በአንድ ሣጥን ያጣመረው የስቴሪዮ መቀበያ ነው።

ድሬዳዋ ለባሕር ማዶ ዕቃ እንግዳ አይደለችም። በአጠገቧ በሚገኘው በሐርላ፣ የፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ቡድን ባካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነው ቁፋሮ፣ ከ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ሌላ ከግብፅ፣ ከሕንድና ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ተገኝተዋል። የጥንቱ የሐርላ ሰው ዶቃ ሲገዛ ጠጋኝ መፈለግ አላስፈለገውም፤ አሮጌ ስቴሪዮ የሚገዛ ሰው ግን ከዕቃው በፊት ጠጋኙን ቢፈልግ ይሻለዋል።

ለምሳሌ ያህል ማራንትዝ 2270 እና ፓዮኒር ኤስ ኤክስ 1250 ለሽያጭ ቀርበዋል እንበል። ገዢው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ማራንትዝ በያንዳንዱ ወገን 70 ዋት፣ በ1976 የወጣው ፓዮኒር 160 ዋት ይሰጣል። ቁጥሩ ከዕጥፍ በላይ ስለሆነ ድምፁም ዕጥፍ የሚሆን ይመስላል። ዳሩ ግን ኃይል በዕጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 4 ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ለጆሮ ዕጥፍ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ያህል፣ ይኸውም ዐሥር ዕጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ለሳሎን 70 ዋት ይተርፋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ በ1974 እስኪጸና ድረስ አንዳንድ ፋብሪካዎች የቅጽበት ኃይልን እንደ ዘላቂ ኃይል አድርገው ያስታውቁ ስለነበር፣ የዚያን ዘመን ቁጥር በጥርጣሬ መመልከት ተገቢ ነው፤ 2270 ግን ከዚህ ነቀፋ ነፃ ነው።

ከዋት ይልቅ የቮልት ጉዳይ ይብሳል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ መቀበያ 120 ቮልት፣ ለጃፓን የተሠራው 100 ቮልት ነው። ይህን ከ220 ቮልት መሥመር ጋር በቀጥታ ማገናኘት ትራንስፎርመሩን ማቃጠል፣ ምናልባትም ቤቱን ለእሳት ማጋለጥ ነው። ስለዚህ ከበስተኋላ የተለጠፈው ጽሑፍ ከዋጋው በፊት ይነበብ። «60 ኸርዝ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ቮልቱን የሚያወርድ ትራንስፎርመር ቢገዛለትም እንኳ በ50 ኸርዝ ከልኩ በላይ ሊግል ይችላል። ለጃፓን አገር የተሠራው ደግሞ የኤፍ ኤም ሰሌዳው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ስለሆነ፣ የአዲስ አበባውን 97.1 እንኳ አይዝም።

ቀጥሎ የሚመጣው የሙቀት ነገር ነው። ድሬዳዋ ቆላ ናት። የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ዕድሜ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ ይቀንሳል። ፓዮኒሩ እያንዳንዳቸው 22,000 ማይክሮፋራድ የሆኑ አራት ትልልቅ ካፓሲተሮች አሉት፤ እነዚህ ካረጁ መተኪያቸው የዋዛ ወጪ አይደለም። ከነዚህ ኋላ በወጡ ብዙ ሞዴሎች ውስጥ የሚገኘው «ኤስ ቲ ኬ» የተባለው ጥቅል ክፍል ግን ከሁሉ የከፋ ነው፤ ዋናው መሠራቱ ቀርቶ በገበያ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ አስመስሎ የተሠራ ነው። በተናጠል ትራንዚስተር የተሠራውን ማንኛውም ጥሩ ጠጋኝ ሊያድነው ይችላል።

ብዙ ዓመት ተዘግቶ የኖረ ዕቃ አምፑል በተከታታይ ተገጥሞለት ይከፈት። ስፒከር ሳይገናኝ በመውጫው ላይ ያለው የዲሲ ቮልት ይለካ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ከሆነ መልካም ነው፤ ብዙ ከፍ ካለ ስፒከሩን ያቃጥላል። ከተከፈተ ከጥቂት ሰኮንድ በኋላ የመከላከያው ሪሌይ ቀጭ ሲል መሰማት አለበት። በዚህ ሁሉ ፈተና ያለፈ 2270 ከተገኘ፣ ያላለፈውን 1250 በርካሽ ከመግዛት ይመረጣል።

እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ካሳተማቸው ሸክላዎች አንዱ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ የሸክላ መግቢያውን በሌላ፣ ቢጫር በማያሳዝን ሸክላና በአዲስ መርፌ አስቀድሞ ይሞክረው።