«እምቢ» ሲባሉ የሚታወቁ ወንዶች
ጄን ኦስተን በ«ኩራትና ጭፍን ፍርድ» ወንድን እንዴት ሳለችው?

(በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ከቀረበ ንግግር። ንዑስ ርዕሶቹ የዝግጅት ክፍሉ ናቸው።)



የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት በአንድ የቆየ ሐሜት ምክንያት ነው። «ሴት ደራሲ ስለ ጓዳው፣ ስለ ፍቅሩ፣ ስለ እንባው ልትጽፍ ትችላለች፤ ወንድን ግን አታውቀውም። ወንድ የሚውልበት አትውልማ!» ይባላል። ሻይ ቤት ይባላል፣ አንዳንዴም መድረክ ላይ ምስጋና መስሎ ይባላል። ልብ በሉልኝ፤ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያሳትሙ «የሰብለ ወንጌልን ልብ ከየት አወቁት?» ብለን አፋጠጥናቸው እንዴ? አድንቀን አነበብን፤ ደግም አደረግን። ታዲያ ለወንዱ ደራሲ የተፈቀደው ለሴቷ ሲሆን ለምን ያጠራጥራል?

ክርክሩን እዚሁ አገር ቤት ካካሄድነው ስም መጠራራትና መኳረፍ ይመጣል። ስለዚህ ራቅ አድርጌ ወደ እንግሊዝ አገር ልውሰዳችሁና አንድ መጽሐፍ አብረን እንይ።

ደራሲዋና እንጀራዋ

ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1775 ከአንድ የገጠር ቄስ ቤት ተወለደች፤ በ1817 በ41 ዓመቷ ሞተች። አላገባችም። የ«ኩራትና ጭፍን ፍርድ»ን የመጀመሪያ ረቂቅ የጻፈችው በሃያና በሃያ አንድ ዓመቷ ነው። በ1797 አባቷ ለአንድ የለንደን አሳታሚ ደብዳቤ ቢጽፉ፣ ሰውዬው ረቂቁን ለማየት እንኳ ፈቃደኛ አልሆነም። መጽሐፉ ለሕዝብ የቀረበው ከ16 ዓመት በኋላ በ1813 ሲሆን የደራሲዋ ስም አልታተመበትም። የቅጂ መብቱን በ110 ፓውንድ ሸጠችው። በዚያው ዓመት መጽሐፉ ለሁለተኛ ጊዜ ሲታተም ትርፉ የአሳታሚው ሆነ፤ እሷ ሳንቲም አላገኘችም።

በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ያገባች ሴት ገንዘቧ የባሏ ነበር። ያላገባችው ደግሞ ወይ የአባቷ፣ ወይ የወንድሟ እጅ ጠባቂ ናት። የኦስተን አባት በ1805 ሲሞቱ እናትየው፣ እህቷና እሷ ወንድሞቿ በሚያዋጡት ላይ ወደቁ። ከ1809 ጀምሮ የኖሩበትን ቤት የሰጣቸው ሀብታሙ ወንድሟ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1802 አንድ የባለ ርስት ልጅ ለጋብቻ ጠይቋት ማታ እሺ ብላ፣ ሲነጋ ሐሳቧን ለውጣ እምቢ ብላለች። ቤትና ምቾት በእጇ ገብቶ ነበር፤ አድራ መለሰችው።

እንግዲህ የዚህች ሴት እንጀራ በወንዶች ጠባይ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። እንጀራው በሰው ጠባይ ላይ የተንጠለጠለ ደግሞ ጠባዩን ያጠናል። ሎሌ የጌታውን ፊት ጠዋት አይቶ የቀኑን ውሎ ይተነብያል። ጌታው ግን የሎሌውን ፊት ልብ ብሎ ላያየው ይችላል፤ ምን ቸገረው! ኦስተን ወንድን ያወቀችው በዚህ ዓይነት ጥናት ነው ባይ ነኝ።

በሩ ሲዘጋ

በመጽሐፉ ውስጥ አንድ አስገራሚ ነገር አለ። ሴት በሌለችበት ሁለት ወንዶች ሲነጋገሩ ቃል በቃል የምንሰማበት አንድም ገጽ የለም። ዳርሲ የተባለው ሰው ኤልዛቤትን ከአባቷ ሊጠይቅ ወደ መጻሕፍት ቤቱ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል። እኛ አንባቢዎቹ ከኤልዛቤት ጋር ውጭ ቀርተን በጭንቀት እንጠብቃለን። ዳርሲ ለንደን ወርዶ ከአንድ ወስላታ ጋር ሲደራደር እኛ እዚያ የለንም፤ በኋላ አክስትየዋ በጻፈችው ደብዳቤ እንሰማለን።

አንዳንዱ ይሄን እንደ ድክመት ይቆጥረዋል። «ወንዶች ብቻቸውን ሲሆኑ የሚያወሩትን አታውቅምና ዘለለችው» ይላል። ይሁንላቸው። ግን ያላየችውን አለመጻፏ ምን አመጣ? ወንዱን ከተናገረው፣ ከከፈለው፣ ከጻፈው፣ አድርግ ተብሎ ካላደረገው ነገር ተነስተን እንድንመዝነው አስገደደችን። ዳኛስ ቢሆን የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ አያይም፤ በምስክርና በማስረጃ ነው የሚፈርደው። ምስክሩ ውሸታም ሲሆን ደግሞ ኤልዛቤት ትሳሳታለች፤ እኛም አብረን እንሳሳታለን። የመጽሐፉ ግማሽ ጨዋታ እዚህ ላይ ነው።

እምቢታ የማይሰማው ቄስ

ሚስተር ቤኔት የሚባሉ ባለ ርስት አምስት ሴቶች ልጆች አሏቸው። ርስቱ በዓመት 2,000 ፓውንድ ያስገባል፤ ነገር ግን በሕግ ለወንድ ወራሽ ብቻ የሚተላለፍ ነው። ወንድ ልጅ የለምና እሳቸው ሲሞቱ ቤቱን የሚወስደው የሩቅ ዘመዳቸው፣ የ25 ዓመቱ ቄስ ሚስተር ኮሊንስ ነው። ኮሊንስ ከልጆቹ አንዷን አግብቶ ቤተሰቡን ሊክስ ይመጣል። በራሱ ሚዛን እኮ ደግ ሰው ነው!

ኤልዛቤትን ሲጠይቃት ምክንያቶቹን በቁጥር ይደረድራል። ቄስ ለምእመናኑ አርአያ ይሁን፤ ለራሱም ደስታ ይበጀዋል፤ ከሁሉም በላይ ደጅ የሚጠናቸው እሜቴ ካትሪን አግባ ብለውታል። ልጅቱ እምቢ ትለዋለች። እሱ ፈገግ ብሎ፣ ጨዋ ሴት መጀመሪያ እምቢ ማለቷ የተለመደ ነው ይላታል። ደግማ እምቢ ትላለች። ድርሻሽ 1,000 ፓውንድ ብቻ ስለሆነ ሌላ ጠያቂ ላታገኚ ትችያለሽ ይላታል። ለሦስተኛ ጊዜ እንደ ሰው ስሙኝ፣ ከልቤ ነው የምናገረው ትለዋለች። አሁንም አይሰማም። «እምቢ» የሚለው ቃል ጆሮው ጋ ሲደርስ «እሺ» ይሆናል።

ይሄን ገጽ የሚያነብ ሁሉ ይስቃል። ሳቁ ሲያልፍ ግን ነገሩ ያስፈራል። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ ግን ሕጉ፣ ገንዘቡና ቤቱ ከሱ ጋር ስለሆኑ የሴቲቱን ቃል መስማት አላስፈለገውም። እዚህስ አገር «ስትግደረደር ነው» የሚለውን አባባል የማያውቅ አለ?

ኮሊንስ በቀናት ውስጥ የኤልዛቤትን ጓደኛ ሻርሎትን ይጠይቃል። ዕድሜዋ 27 ነው፤ መልክም ሀብትም የላትም፤ እሺ ትላለች። ኦስተን አትሳለቅባትም። በኋላ ኤልዛቤት ልትጠይቃት ስትሄድ፣ ሻርሎት ለመዋያ የመረጠችው የጓሮውን ክፍል መሆኑን ታስተውላለች። ፊት ለፊት ያለው ይሻል ነበር፤ ግን እሱን ብትመርጥ ባልየው ከሥሯ አይጠፋም። ትዳሩ ምን እንደሚመስል በአንዲት ክፍል ምርጫ ነገረችን። ይሄን የጻፈች ሴት ናት ወንድን አታውቅም የተባለችው?

እምቢታ የሰማው ጌታ

ዳርሲ በዓመት 10,000 ፓውንድ የሚገባለት የ28 ዓመት ጎረምሳ ነው። ገና በመጀመሪያው ጭፈራ ላይ ኤልዛቤት እየሰማችው ይህን ያህል ቆንጆ አይደለችም ብሎ ያናንቃታል። ከወራት በኋላ ተሸንፎ ሊጠይቃት ይመጣል። እንዴት ብሎ? ወድጄሻለሁ፣ ግን ዘመዶችሽ ከኔ ደረጃ በታች ናቸው እያለ! እሺ እንደምትለው አልተጠራጠረም። ጥያቄው ከኮሊንስ ጋር አንድ ነው፤ ልብሱ ብቻ ይለያል። ኤልዛቤት አመዱን ቡን አድርጋ ትሸኘዋለች። እህቴን ከወዳጅህ ከቢንግሊ ለይተሃል፤ ዊካም የተባለውን ወጣት በድለሃል፤ ደግሞም እንደ ጨዋ ሰው አልጠየቅኸኝም ትለዋለች።

የሁለቱ ልዩነት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። ዳርሲ ይናደዳል፤ ይቆስላል፤ ቢሆንም ቃሉን ሰምቷል። በማግስቱ ደብዳቤ በእጇ ሰጥቷት ይሄዳል። ደብዳቤው ጥያቄውን እንደማይደግም በመግለጽ ይጀምርና ለተከሰሰበት አንድ በአንድ መልስ ይሰጣል። የተሳሳተችበትን ያርማል፤ የእህቷን ነገር ግን አይክድም። ከወራት በኋላ ዳግመኛ ሲጠይቃት፣ ሐሳቧ ያው ከሆነ ሁለተኛ እንደማያነሳባት አስቀድሞ ይነግራታል። ከልጅነቱ ጀምሮ መልካም ነገር እየተማረ በትዕቢት እንዳደገም ይናዘዛል። ወላጆቹ ደግ ቢሆኑም እሱን ማንም «ተው» ብሎት አያውቅም ነበር። የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

የሰው ፊት የሚያበራው

ዊካም መልከ መልካም፣ አፈ ጮማ የሚሊሺያ መኮንን ነው። አባቱ የዳርሲ አባት ርስት አስተዳዳሪ ነበሩ። ለቅስና የታሰበለትን ቦታ በ3,000 ፓውንድ ለውጦ ገንዘቡን አጥፍቷል። የዳርሲን እህት ገና በ15 ዓመቷ፣ ለ30,000 ፓውንዷ ሲል ሊያስኮበልላት ሞክሯል። ኤልዛቤት ይሄን ሳታውቅ፣ ዳርሲ በደለኝ ብሎ ሲነግራት አምናዋለች። ለምን? ፊቱ ደስ ይላል፤ ደግሞም የምትጠላውን ሰው ያማላታል። መጨረሻ ላይ ይኸው ሰው ታናሽ እህቷን ሊዲያን ይዟት ይጠፋል።

ኦስተን ወንድ ጠል ናት እንዳትሉኝ፣ ለንደን የሚነግዱት አጎት ሚስተር ጋርዲነር አሉ። መጋዘናቸው አጠገብ ስለሚኖሩ ወይዛዝርቱ ይስቁባቸዋል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን እንደሳቸው የረጋና አስተዋይ ወንድ የለም። ቢንግሊም ደግ ልጅ ነው፤ ችግሩ የመጨረሻ ያናገረው ሰው ያሸንፈዋል።

የምንወዳቸው አባት

ከሁሉም የሚከብደው ግን የሚስተር ቤኔት ነገር ነው። ቀልደኛ፣ አንባቢ፣ ኤልዛቤትን ከልጆቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱ ሰው ናቸው። ኮሊንስን አላገባም ስትል ከጎኗ የቆሙት እሳቸው ናቸው። አንባቢ ሁሉ ይወዳቸዋል።

ኦስተንም ትወዳቸዋለች፤ ግን አትምራቸውም። ወንድ ልጅ ይወለድና ነገሩ ይስተካከላል ብለው ለሴቶቹ ምንም አላስቀመጡም። ሚስታቸውን ማስተካከል ሲያቅታቸው ከልጆቻቸው ፊት መሳለቂያ አደረጓት። ሊዲያ ወታደሮቹን ተከትላ ወደ ብራይተን ልሂድ ስትል ኤልዛቤት ተዉ፣ ይቅርብን ብላ ለመነቻቸው። እሳቸው ግን ካልሄደች ቤት ውስጥ ሰላም አይኖረንም ብለው ለቀቋት። ልጅቱ ጠፋች። በኋላ ጥፋቱ የኔ ነው ይላሉ፤ ወዲያው ደግሞ ግድ የለም፣ ጸጸቱ ቶሎ ይለቀኛል ብለው ይቀልዳሉ።

በዚያች ቤት ውስጥ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያወቀችው የ20 ዓመቷ ልጅ ናት። ሥልጣኑ ግን የአባትየው ነበር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው የኛው ተረት፣ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የት ድረስ እንደሚያደርስ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

አንድ ተቃውሞ

«ዳርሲ እኮ የምኞት ወንድ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው የት አለ?» የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ውሃ ያነሳል። ሰውዬው ሲለወጥ አናይም፤ ተለውጦ ነው የምናገኘው። ስለ ደግነቱ ዋና ምስክር የሆኑት ከአራት ዓመቱ ጀምሮ የሚያውቁት የቤቱ አዛዥ ሴትዮ ናቸው። ኦስተን ለምስክርነት የመረጠችው ወዳጁን ሳይሆን በሥሩ የሚተዳደር ሰው መሆኑን ግን አትርሱ።

መጨረሻውንም እስቲ ረጋ ብላችሁ እዩት። ዳርሲ የዊካምን ዕዳ ከፍሎ፣ ገንዘብ ጨምሮ፣ የጦር ሹመት ገዝቶ ሊዲያን ያስገባለታል። ወስላታው አልተቀጣም፤ እንዲያውም ተከፈለው። ርስቱ ዛሬም የኮሊንስ ነው። ሕጉ አልተነካም። ቤተሰቡ የተረፈው ሁለት ሀብታም ወጣቶች ደግ ሆነው ስለተገኙ ነው። ባይገኙስ? ደራሲዋ ሠርጉን ደግሳ፣ ይህችን ጥያቄ ግን አላነሳችልንም፤ እዚያው ተወችልን። ሕግ በሌለበት የባለሥልጣን ደግነት ዕድል ነው፤ ዛሬ ይኖራል፣ ነገ ላይኖር ይችላል።

ዋልተር ስኮት የተባለው ታላቅ ደራሲ በ1826 መጽሐፉን ቢያንስ ለሦስተኛ ጊዜ ማንበቡን በማስታወሻው ላይ አስፍሯል። የጦርነትና የጀግንነት ታሪክ ጸሐፊ የነበረ ወንድ፣ እንደሷ አድርጎ ተራውን ሕይወት መጻፍ እሱ እንደማይሆንለት አምኗል።

ወደ ተነሳሁበት ሐሜት ልመለስና ላብቃ። ሴት ወንድ የሚውልበት ላትውል ትችላለች። ነገር ግን ወንድ የወሰነው ውሳኔ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፤ ስለዚህ ታውቀዋለች። ወጣት ሴት ደራሲዎቻችን እዚህ አሉ፤ ወንዶቻችንን ጻፏቸው። አባቶቻችንን፣ ባሎቻችሁን፣ አለቆቻችሁን እንደምታዩዋቸው አድርጋችሁ ጻፏቸው። እኛ ወንዶቹ ስናነብ አንዳንዱ ቦታ ላይ መጎምዘዛችን አይቀርም። ዳርሲም ያችን ዘለፋ ሲሰማ አልጣፈጠችውም።