ማባዛትን ለልጆች በዓይን ስለ ማስተማር
(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ማታ ከመሥሪያ ቤት ተመልሳችሁ ልጃችሁን «ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት፥ መልሱ ከጣራው ላይ የተጻፈ ይመስል አንጋጦ ዝም ሲል አይታችሁት ታውቁ ይሆናል። እኔም የራሴን ልጅ በዚሁ ጥያቄ ሳስጨንቀው ከርሜ፥ አንድ ማታ «ደነዝ» የሚል ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ልጁ ግን ደነዝ አልነበረም፤ ጥፋቱ ያላሳየሁትን ነገር የምጠይቀው የእኔ ነበር።

በማግሥቱ አንድ እፍኝ ሽምብራ አምጥቼ ሰባት ረድፍ፥ በያንዳንዱም ረድፍ ስምንት ስምንት አድርጎ በጠረጴዛ ላይ እንዲደረድር ነገርሁት። ሲጨርስ ከአምስተኛው ረድፍ ቀጥሎ እርሳስ አጋደምሁ። በላይ በኩል አምስት ጊዜ ስምንት 40፥ በታች በኩል ሁለት ጊዜ ስምንት 16 ሆነ፤ ልጁም ራሱ ደምሮ 56 አለ። ከዚያም በጠረጴዛው ጎን ዞሮ እንዲቆም አደረግሁት። አንዲት ፍሬ ሳትነካ፥ ሰባት ጊዜ ስምንት የነበረው ስምንት ጊዜ ሰባት ሆኖ ታየው።

የዚህ ጥቅም ቀላል አይደለም። ከ1 እስከ 10 ባለው የማባዣ ሠንጠረዥ 100 ውጤቶች ይገኛሉ፤ ይህን መገለባበጥ ላስተዋለ ልጅ ግን የሚጠኑት 55 ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ከፍ ቢልም መንገዱ ያው ነው። ለ12 ጊዜ 13 በባለ ካሬ ወረቀት ላይ አራት ማዕዘን ይሣልና በሁለቱም ጎን ከ10 ላይ በመሥመር ይከፈል፤ 100፥ 30፥ 20 እና 6 ወጥቶ ድምሩ 156 ይሆናል።

አሳቡም አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1907 ዓ.ም. በሮማ የሕፃናት ቤት የከፈቱት ኢጣልያዊቷ ሐኪም ማሪያ ሞንቴሶሪ ባቆሙት የማስተማር ዘዴ፥ ልጆች ቁጥርን ዶቃ እያዩና እየዳሰሱ ይማራሉ።

«የእኔ ልጅ የሚማረው በጆሮው እንጂ በዓይኑ አይደለም» የሚል ወላጅ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በ2008 እ.አ.አ. አራት የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቃውንት ጥናቶችን መርምረው፥ ልጆችን በዚህ ዓይነት ለይቶ ለማስተማር የሚያበቃ ማስረጃ አላገኙም። እንግዲህ ሥዕሉ የሚጠቅመው ለአንዳንዱ ልጅ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሆኖም ሽምብራው ምርኩዝ ነው። ልጁ ምክንያቱን ካየ በኋላ ውጤቱን በቃሉ ማጥናት አለበት፤ በገበያ መካከል ሽምብራ ዘርግቶ ሒሳብ የሚያሰላ የለምና።

ስለዚህ፥ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ መልሱ ቢጠፋው ከቁጣ በፊት ሽምብራውን አቅርቡለት። የተረሳ ቁጥር ተመልሶ ይገኛል፤ ልጅን ያሸማቀቀ ቃል ግን ከተነገረ በኋላ አይመለስም።