መዝገቡና የነፍስ አባቱ፦ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና የምእመናን የግል መረጃ



ንግግሬን ከአንድ ጠረጴዛ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭ አገር ለሚኖር ዘመዴ የክርስትና ምስክር ወረቀት ለማውጣት ወደ አንድ አጥቢያ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የአጥቢያውን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የእሱ ብቻ አይደለምና። ጸሐፊው ትሑት ሰው ናቸው። ትልቁን መዝገብ ከቁም ሣጥን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና «እስቲ እርስዎ ይፈልጉ፤ የእኔ ዓይን ደክሟል» አሉኝ። በጣቴ እየተከተልሁ ወረድሁ። የዘመዴን ስም ከማግኘቴ በፊት የሃያ ያህል ሕፃናትን ስም፣ የክርስትና ስማቸውን፣ የወላጆቻቸውንና የክርስትና አባቶቻቸውን ስም አነበብሁ። በአንዱ መስመር የአባት ስም በሚጻፍበት ቦታ ሰረዝ ብቻ ነበር። ያንን ሕፃን አውቀዋለሁ፤ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ መላው ሰፈር አባቱ ብሎ የሚጠራው ሰውም አለ። ያን መስመር ማየት አልነበረብኝም። ካየሁት በኋላ ደግሞ እንዳላየሁ መሆን አልችልም።

ይህን የምነግራችሁ ቤተ ክርስቲያን ምስጢር መጠበቅ አታውቅም ለማለት አይደለም። እንዲያውም በአገራችን በዚህ ከእሷ የሚቀድም ተቋም መኖሩን እጠራጠራለሁ። ክርክሬ ሌላ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ሰው የምታውቀውን የምትይዝባቸው ሁለት ጥንታዊ መንገዶች አሏት፤ ሁለቱም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ የተከማቸው መረጃ ግን ከሁለቱም ውጭ የበቀለ ሦስተኛ ነገር ነው፤ ሥርዓት ያላገኘውም እሱ ነው።

የመጀመሪያውን መንገድ ለማየት ቁስቋም ድረስ መውጣት ይበቃል። እቴጌ ምንትዋብ፣ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ እ.ኤ.አ. በ1730 ከነገሡ በኋላ፣ ቅድስት ድንግል ከልጇ ጋር በስደት በተቀመጠችበት በግብፁ ቁስቋም ስም ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቷ አሳነጹ፤ እ.ኤ.አ. በ1773 እስኪያርፉም መኖሪያቸው እዚያው ነበር። ደብር ሲተከል መሬት ይሰጠዋል፤ መሬት ሲሰጥም ይጻፋል። በዚያው ዘመን ጎንደር ውስጥ ቦታ የገዛ ወይም የተናዘዘ ሰው ውሉን በወንጌሉ ወይም በሌላ ቅዱስ መጽሐፍ ባዶ ቅጠልና ኅዳግ ላይ ያስጽፍ ነበር፤ የሻጭና የገዢ ስም፣ በወርቅ ወቄት ወይም በአሞሌ የተቆጠረው ዋጋ፣ ከዚያም የእማኞች ረጅም ዝርዝር። ውሉን የሚያፈርስ ሰው ደግሞ በግዝት ይታሰራል። የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ጽሑፎች ሰብስበው አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ መጽሐፋቸው በብዙው የቆመው በእነዚህ ኅዳጎች ላይ ነው። የጎንደር ሴቶች በስማቸው መሬት ይይዙና ይሸጡ እንደነበር አጥርቶ የነገረን ይኸው ምንጭ ነው።

እነዚያ ጽሑፎች ምስጢር አልነበሩም። የተጻፉት እንዲታወቁ ነው፤ እማኝ የሚደረደረውም ለዚሁ ነው። ሆኖም ጥበቃ ነበራቸው። ማንበብ የፈለገ ሰው ደብሩ ድረስ መሄድ፣ መጽሐፉን ከዕቃ ቤት የሚያወጣውን ካህን ማስፈቀድ፣ ፊደልም መቁጠር ነበረበት። ምን ፈልጎ እንደመጣ ይጠየቃል፤ ጠያቂውም የማን ልጅ እንደሆነ ይታወቃል። ይህ ጥበቃ የቆመው በርቀትና በትውውቅ ላይ ስለሆነ መጽሐፉ ከቦታው ሲነቀል አብሮ ይነቀላል። ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደርን አድባራት ሲዘርፉ መጻሕፍቱ ወደ መቅደላ ተጫኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1868 ደግሞ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ካነሣቸው ውስጥ 350 ያህሉ ለንደን ገቡ። የቁስቋም የነበሩም አሉባቸው። እኔ ተመራማሪው በዚህ ተጠቅሜአለሁ፤ የተናዛዡን የልጅ ልጆች ግን የጠየቃቸው የለም። (በነገራችን ላይ የእቴጌይቱ፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው አፅም በሣጥን ሆኖ እዚያው ቁስቋም ለጎብኚ ይታያል። ሙታን የግል ሕይወት አላቸው ወይ የሚለውን ለሌላ ቀን ልተወው።)

ሁለተኛው መንገድ ጭራሽ አይጻፍም። የነፍስ አባት የቤታችንን ገመና ያውቃል፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ምን እንደበደለ፣ የማን ትዳር በክር እንደተንጠለጠለ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው ግን ስለ ንስሐ ልጆቹ አንዲት ቅጠል ወረቀት የለውም። የሰማው ከእሱ ጋር ይቀበራል። የክርስትና ስምም በአንድ በኩል የዚህ ወገን ነው። እናቶቻችን ስሙን ለማያውቁት ሰው አይናገሩም፤ መተተኛ እጅ እንዳይገባ ይሰጋሉና። እናንተ ወጣቶች በዚህ ልትስቁ ትችላላችሁ። እኔ ግን ፍርሃቱን ትቼ ዕውቀቱን እወስዳለሁ፤ ስም ቁልፍ ነው፣ ቁልፍም ለሁሉ አይሰጥም የሚል ዕውቀት ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዓዋዲ ወጥቶ ሰበካ ጉባኤ ሲቋቋም አጥቢያዎች ምእመናንን በአባልነት መመዝገብ፣ መዋጮም መሰብሰብ ያዙ። በሌላ ወገን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በዝርዝር ቢደነግግም መዝገቡ በተግባር ሳይቋቋም ኖረ፤ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ባሉት ዐሥርት ዓመታት የልጅን ልደት የሚያስረዳ ወረቀት የፈለገ ሰው ከሄደባቸው በሮች አንዱ የቤተ ክርስቲያን በር ነበር። በአርባና በሰማንያ ቀን ለሚፈጸም ምስጢር የተዘጋጀው መዝገብ ሳይታሰብ የመንግሥትን ሥራ ተሸከመ። ጸሐፊውን ለዚህ ያሠለጠነው ግን አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ክምችቱ በዝቷል። በብዙ አጥቢያዎች በሥርዓተ ተክሊል ለመጋባት የሚመጡ ጥንዶች የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ። ዓላማውን አልቃወምም። የምጠይቀው ከሠርጉ ማግሥት ወረቀቱ የት እንደሚያድር ነው። በቅዳሴ እንዲታሰቡ የክርስትና ስማቸውን ከነጭንቀታቸው በብጣሽ ወረቀት ጽፈው የሚሰጡ አሉ፤ ብጣሹ ከቅዳሴ በኋላ ይቃጠላል ወይስ መሬት ላይ ይወድቃል? የሕንፃ ማሠሪያ የሰጠና ቃል ገብቶ ያልከፈለ ሰው ስም ከነብሩ መጠን በቴሌግራም ሲለጠፍ አይቻለሁ። ከሁሉ የሚከብደኝ የጸበል ቦታው ነው። በሕመም ራሷን የሳተች ሴት ስትጮህ በስልክ ትቀረጻለች፤ ስትድን ምስክርነት ይባላል፣ ባትድንስ? ፊቷ ከዚያ በኋላ የእሷ አይደለም። «ፈቅዳለች» የሚል መልስ ሰምቻለሁ። በዚያች ሰዓት ምን መፍቀድ ትችላለች?

እዚህ ጎንደር ላይ ነገሩ ሌላም ክብደት አለው። በከተማችን ወደ እስራኤል ለመሄድ ለዓመታት የሚጠባበቁ የቤተ እስራኤል ተወላጆች አሉ፤ የብዙዎቹ ቀደምት በተለያየ ዘመን ክርስትናን ተቀብለው ነበር። ለእነሱ «አያትህ ተጠምቃለች» የሚል አንድ መስመር ተራ የቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ አይደለም። እንደ አንባቢው በር ሊከፍትም ሊዘጋም ይችላል። መስመሩን የጻፉት ካህን ይህን አላሰቡም፤ ሊያስቡም አይችሉም ነበር።

ሕጉ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ይጠብቃል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የሙያ ምስጢርን ስለማውጣት ሲደነግግ ካህናትን ከጠበቆችና ከሐኪሞች ጋር ይጠራል። የነፍስ አባት እንግዲህ በቀኖናውም በሕጉም ታስሯል። የሰበካ ጉባኤው የሒሳብ ሹምስ? የቴሌግራሙ ለጣፊስ? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የመጣው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። አዋጁ የሰውን ሃይማኖትና ጤና ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ያደርጋል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአጥቢያ መዝገብ ከሽፋኑ ጀምሮ ሃይማኖት ነው። እዚህ ላይ አንዳንድ አባቶች መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም የሚለውን አንቀጽ 11 ይጠቅሳሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን ጥምቀቱ የቤተ ክርስቲያን ነው ማለት አንድ ነገር ነው፤ የተጠማቂው እናት ስልክ ቁጥርም የቤተ ክርስቲያን ነው ማለት ሌላ ነው።

አውሮፓውያን በዚህ ተከራክረዋል። በፈረንሳይ አንድ ሰው ስሙ ከጥምቀት መዝገብ እንዲሠረዝ የአንዤን ሀገረ ስብከት ጠየቀ። የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 መጀመሪያ ጥያቄውን አልተቀበለም፤ ጥምቀት አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ስለሆነ መዝገቡ መቆየት አለበት፣ ሰውየው ቤተ ክርስቲያኒቱን መተዉ በኅዳጉ ይጻፍለት አለ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የቤልጂየም የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን በተመሳሳይ ጉዳይ የተቃራኒውን ወስኖ ነበር። አንዲት ጥምቀት ብለን ለምናምን ለእኛ የፈረንሳዩ ፍርድ ይቀርባል፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ። ግን ፍርድ ቤቱ አንድ ነገር መዝኗል፤ መዝገቦቹ ዝግ መሆናቸውንና ሦስተኛ ወገን እንደማያያቸው። መዝገባችንን ለመጣው ሁሉ እየዘረጋን በዚያ ፍርድ ልንከለል አንችልም።

ስለዚህ ከአድባራቱ ለመጣችሁ አባቶች ጥያቄዬ ቀላል ነው፣ ገንዘብም ብዙ አይፈልግም። የምርመራ ወረቀት ታይቶ ለባለቤቱ ይመለስ፤ ግልባጭ አይያዝ። የጸሎት ብጣሽ ይቃጠል። ጸበል ቦታ ላይ ካሜራ ይከልከል፤ የዳነ ሰው መመስከር ከፈለገ ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት፣ በራሱ አንደበት ይመስክር። መዝገብ ወደ ኮምፒውተር የምታስገቡ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ስንት ሰው እንደሚያውቀው ቁጠሩ። ለሕግና ለታሪክ ተማሪዎቼም ሥራ አለ። በዚህ ከተማ አንድ አጥቢያ ስለ ምእመኑ ምን ምን እንደሚይዝ፣ የት እንደሚያስቀምጥ፣ ማን እንደሚያየው በቅርበት የሚያጠና የመመረቂያ ጽሑፍ እጠብቃለሁ፤ የሰው ስም ሳይጠራ የተጻፈ።

ባለፈው ዓመት ወደዚያው ጽሕፈት ቤት ተመልሼ ነበር። ያየሁትን መስመር ሳልጠቅስ በመጀመሪያው ጉብኝቴ የተሰማኝን ለጸሐፊው ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ከመሳቢያቸው አንድ ካርቶን አወጡ። በመካከሉ እንደ መስኮት ተቆርጧል፤ ገጹ ላይ ሲጋደም አንድ መስመር ብቻ ያሳያል። «ከእርስዎ በፊት አንዲት እናት መጥታ አልቅሳብኝ ነበር» አሉኝ። ከዚያም የፈለግሁትን ስም ጠየቁኝና መዝገቡን ወደ ራሳቸው አዞሩት።