የሩቅ አገር አክሲዮንና የሸማ ተራ ገበያ

  

 ውጭ አገር ያሉ ዘመዶች «የቺፕ ኩባንያ አክሲዮን ገዝተን አተረፍን፤ ለእናንተም እንግዛላችሁ» እያሉ ሲደውሉ ብዙ ቤተሰብ ግራ ይጋባል። ዛሬ የምንነጋገረው በዚሁ ላይ ነው።

ቺፕ በስልክና በኮምፒውተር ውስጥ ስሌቱን የሚሠራ ትንሽ ክፍል ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ቴክኖሎጂ ይህን ቺፕ በብዙ ሺህ ይፈልጋል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ከወጣ ወዲህ ፈላጊው በዝቶ፣ ኤንቪዲያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የአክሲዮኖቹ ጠቅላላ ዋጋ በ2023 1 ትሪሊዮን ዶላር፣ በ2024 3 ትሪሊዮን፣ በ2025 ደግሞ 5 ትሪሊዮን ደረሰ። በመካከሉ ጃንዋሪ 27 ቀን 2025 ዲፕሲክ የተባለ የቻይና ኩባንያ በጥቂት ቺፕ ተመሳሳይ ሥራ መሥራቱ ተወራና፣ በዚያ አንድ ቀን ብቻ ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዋጋ ወረደ። ያን ቀን የተቃጠለ ፋብሪካ የለም። የተለወጠው የሰው ግምት ነው።

ይህን ለሸማ ተራ ነጋዴ ማስረዳት አያዳግትም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ መርካቶ ውስጥ ቀድሞ የገባ ዕቃ ሳይቀር ዋጋው ተነሳ። ጨርቁ ያው ጨርቅ ነው። በእርግጥ ሁሉም ሐሰት አልነበረም፤ ነጋዴው መልሶ የሚያስገባው በአዲሱ ዶላር ነውና። የቺፑም ፈላጊ እውነተኛ ነው። ችግሩ እውነተኛው ፍላጎት የት አብቅቶ ወሬው የት እንደጀመረ ገዢው መለየት አለመቻሉ ነው።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ነጅሽን ከልክለዋል። ነጅሽ የመግዛት ሐሳብ የሌለው ሰው ሌላውን ለማታለል ዋጋ ሲጨምር ነው። ሱቅ በር ላይ ቆሞ «እኔ በዚህ ዋጋ እወስደዋለሁ» የሚለውን የደላላ ወዳጅ የማያውቅ የለም፤ ዛሬ በቴሌግራም መጥቷል።

አክሲዮን ራሱስ? የእስላማዊ ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1992 ጅዳ ላይ፣ መሠረታዊ ሥራው ሐራም የሆነ ኩባንያ አክሲዮን ሐራም መሆኑን ወሰነ። ሥራው ሐላል ሆኖ አልፎ አልፎ ከወለድ ጋር የሚነካካውንም በመሠረቱ ከለከለ። መቀመጫው ባሕሬን የሆነው የእስላማዊ ፋይናንስ መለኪያ አውጪ አዮፊ ግን በቅድመ ሁኔታ ፈቅዷል፦ በወለድ የተበደረው ከአክሲዮኖቹ የገበያ ዋጋ 30 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ሐራም ገቢው ከጠቅላላ ገቢው 5 በመቶ እንዳያልፍ፣ ያም ገቢ ተሰልቶ እንዲወገድ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ዕዳው 25 በመቶ የነበረ ኩባንያ ገበያው በግማሽ ቢወርድ፣ አንድ ብር ሳይበደር ዕዳው 50 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ አንዴ «ሐላል ነው» ተብሎ የተገዛ አክሲዮን በየጊዜው መታየት አለበት።

ተበድሮ በወለድ መግዛትማ ግልጽ ሪባ ነው። የዕቁብ ዕጣውን ለዚህ የሚያውል ነጋዴም ያስብበት። አክሲዮኑ ወረደ ብሎ ዕቁቡን ከመጣል አይቀርም፤ ሱቁም ዕቃ ይፈልጋል።

በአገራችን ኢትዮ ቴሌኮም ከጥቅምት 6 ቀን 2017 ጀምሮ አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ትንሹን ግዢ 33 አክሲዮን አድርጎ ሸጧል። ከቀረበው 100 ሚሊዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። በየቀኑ የምንደውልበትን ድርጅት ሂሳብ ለማየት የሰነፍን ሰዎች የታይዋንና የአሜሪካውን በስልክ ወሬ ለመግዛት መቸኮላችን ይገርማል። የአገር ውስጡም ቢሆን በዚያው መለኪያ ይመዘናል።

ስለ ዘካም ትጠይቁናላችሁ። ሲወደድ ለመሸጥ የተገዛ አክሲዮን ዘካው ዓመቱ በሞላበት ቀን ባለው የገበያ ዋጋ 2.5 በመቶ ነው፤ በተገዛበት ዋጋ አይደለም። የሸማ ተራ ነጋዴ ለዘካ ጣቃውን ቆጥሮ የሚተምነው በዚሁ መንገድ ነው።