የቅባት እህል አምራቹና የመሐንዲሱ ድርሻ



አገራችን የሁመራና የመተማን ሰሊጥ ለዓለም ገበያ ታቀርባለች፤ ለወጥ የሚሆነውን የፓልም ዘይት ግን ከውጭ ትገዛለች። ይህ ሲነሣ ሁላችንም ስለ መጭመቂያ ፋብሪካ እናወራለን። ኪሳራው ግን የሚጀምረው ከማሳው ነው።

ሰሊጥ ሲደርቅ የፍሬው ማኅደር ራሱን ይከፍታል፤ አጨዳው ከዘገየ የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ስለሆነም ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ማጨድን፣ ነዶውን አቁሞ ማድረቅን፣ በሸራ ላይ ማራገፍን ማስተማር ይገባል። ኑግም ፍሬ የሚይዘው ንብ ከሌላ ተክል በምታመጣለት የአበባ ብናኝ በመሆኑ፣ በአበባው ወራት ፀረ ተባይ መርጨት በገዛ ምርት ላይ መዝመት ነው።

ይሁን እንጂ ትምህርት ብቻውን አይበቃም። ገበሬው እህሉን አበጥሮ ሲያቀርብ የንጽሕናው ዋጋ ካልተከፈለው፣ በሚቀጥለው ዓመት ስለ ምን ይደክማል? በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በደረጃ መድቦ ማገበያየቱ መልካም ነው፤ የደረጃው ልዩነት ግን ከገበሬው እጅ መድረስ አለበት።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ ሁለት ነው፤ አንደኛው ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚስማማ ማበጠሪያ መንደፍ፣ ሁለተኛው የገጠሩ ሚዛን በየጊዜው እንዲመረመር በሙያችን ምስክርነት መሟገት ነው። የሚዛኑን ቁጥር የሚያነብ ገበሬ መብቱን ራሱ ይጠይቃል።