ሠራተኛን በቃለ መጠይቅ ስለ መምረጥ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የዛሬው ንግግራችን ሠራተኛን በቃለ መጠይቅ ስለ መምረጥ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ይህ የመሥሪያ ቤት ሹም ጉዳይ እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን እኛው ራሳችን በዚህ ነገር ተሳስተናልና ከስሕተታችን እንጀምራለን።

አምና ማኅበራችን ለዕቃ ግምጃ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ለመቅጠር በፈለገ ጊዜ፥ እኛ አምስት የኮሚቴ አባሎች ጠረጴዛ ከብበን ተቀመጥንና አመልካቾቹን በየተራ አስገባን። ምን እንደምንጠይቅ አስቀድመን አልተመካከርንም። አንዱ «አገርህ ወዴት ነው?» ይላል፤ ሌላው የኳስ ጨዋታ ያነሣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄ ጠየቅሁ ብሎ ራሱ ዐሥር ደቂቃ ይናገራል። በመጨረሻ ሁለት ሰዎች ቀሩ። አንደኛው አለባበሱ ያማረ፥ ፈገግታ የማይለየው፥ አንደበተ ርቱዕ ወጣት ነበር። ሁለተኛው ከገጠር የመጣ፥ በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ሁለት ዓመት ያገለገለ ሲሆን፥ ስንጠይቀው ዓይኑን ወደ መሬት ጥሎ ባጭሩ ይመልስ ነበር። «በራሱ የማይተማመን ነው» ብለን አሰናበትነው፤ አንደበተ ርቱዑን ቀጠርን።

ከአራት ወር በኋላ ቈጠራ ሲደረግ፥ ዕቃ የገባበት ሞዴል 19ና ዕቃ የወጣበት ሞዴል 22 ከመዝገቡ ጋር አልተገናኙም። ሰውየው ሌባ አልነበረም፤ ይህን ስለ እውነት እንመሰክርለታለን። መዝገብ መያዝ አያውቅም ነበር። እኛም ያውቅ እንደ ሆነ አልጠየቅነውም።

ከጐደለው ዕቃ ይልቅ ዛሬም የሚከነክነን ያ ያሰናበትነው ሰው ነው። አብዛኞቻችን ያደግነው በታላቅ ፊት ዓይንን ሰበር አድርጎ፥ ሲጠየቁ ብቻ መናገር ጨዋነት ነው እየተባልን ነው። እናትና አባቱ ያስተማሩትን ጨዋነት እኛ ጉድለት አድርገን ቈጠርንበት። ከመካከላችን ሦስታችን ራሳችን የገጠር ልጆች ነን!

ይህ ድካም የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋልተር ዲል ስኮት የተባለው የአሜሪካ የሥነ ልቡና ሊቅ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1915 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፥ ስድስት ቀጣሪዎች ለሽያጭ ሥራ የቀረቡ 36 አመልካቾችን እያንዳንዳቸው አነጋግረው ደረጃ ሰጡ። በ28ቱ አመልካቾች ላይ፥ ሰውየው ከላይኛው ግማሽ ይግባ ወይስ ከታችኛው በሚለው እንኳ ሊስማሙ አልቻሉም። ሰውየው ያው አንዱ ሰው ነው፤ የተለዋወጠው ፈታኙ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተጠንቷል። በ2022 ዓ.ም. (በፈረንጆች) ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው ባወጡት ጽሑፍ፥ የቃለ መጠይቅ ውጤት ከኋለኛው የሥራ ውጤት ጋር ያለውን ግንኙነት መዝነዋል። ፍጹም ግንኙነት 1፥ ምንም ግንኙነት አለመኖር 0 ቢባል፥ እንዳመጣ የሚደረገው ጨዋታ መሰል ቃለ መጠይቅ 0.19 ሲያገኝ፥ ጥያቄው አስቀድሞ የተዘጋጀው፥ ለሁሉም እኩል የሚቀርበውና በተወሰነ መለኪያ የሚታረመው 0.42 አግኝቷል። ይህም ቢሆን ከ1 ገና ሩቅ ነውና፥ በቃለ መጠይቅ ብቻ ሰውን አወቅሁ ማለት ድፍረት ነው።

በአገራችን የመንግሥት ሠራተኞችን ቅጥር የሚመራ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት በትእዛዝ የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነበር። ቅጥር በችሎታ ይሁን የሚለው አሳብ እንግዲህ አዲስ አይደለም። ዳሩ ግን በጽሑፍ ፈተና አንደኛ የወጣው ከቃለ መጠይቅ በኋላ አራተኛ ሆነ የሚል ሮሮ ዛሬም ከተመራቂ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንሰማለን። ለዚህ በር የሚከፍተው ማንም ያልጻፈው ጥያቄና ማንም የማይመረምረው ነጥብ ነው።

እንግዲህ ግምጃ ቤቱ በዚህ ወር እንደገና ሰው ይቀጥራል። በዚህ ጊዜ ያሰብነው እንዲህ ነው። አስቀድመን ሥራውን ራሱን አጠናን፤ ማለት ባለ ግምጃ ቤት ከጧት እስከ ማታ ምን እንደሚሠራ፥ ምን ላይ እንደሚሰናከል ጠየቅን። ከዚያ ስድስት ጥያቄዎች ጻፍን። «ታማኝ ነህን?» የሚል ጥያቄ የለባቸውም፤ አይደለሁም የሚል ሰው አናገኝምና። በምትኩ «ቈጠራ ላይ ዕቃ የጐደለብህ ጊዜ ቢኖር፥ መጀመሪያ ምን አደረግህ? ለማን ነገርህ?» ብለን እንጠይቃለን። ግምጃ ቤት ሠርቶ ለማያውቅም «ያለ ደረሰኝ ዕቃ ስጠኝ የሚል አለቃ ቢመጣብህ ምን ትለዋለህ?» የሚል አለ። መልሱ ምን ሲሆን ስንት ነጥብ እንደሚያሰጥ ከወዲሁ ተጽፏል። እያንዳንዱ ፈታኝ ነጥቡን ለብቻው ይጽፋል፤ ወረቀቱ ሳይሰበሰብ ስለ አመልካቹ መነጋገር ክልክል ነው፤ ባለፈው ጊዜ ሊቀ መንበራችን «ልጁ ጥሩ ነው» ባለ ጊዜ አራታችን ተከትለነዋልና። አመልካቹን የሚያውቅ ዘመድ ወይም ወዳጅ ከፈታኞች መካከል ይነሣል። ከሁሉም በላይ የምንተማመንበት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሦስት ስሕተት ያለባቸው ደረሰኞችና አንድ መዝገብ ሰጥተን ስሕተቱን ፈልግ እንላለን። ዓይኑን ወደ መሬት የሚጥል ሰው ዓይኑን ወደ መዝገቡ ቢጥል ጉዳታችን ምንድን ነው?

አንድ የኮሚቴ አባል «ይህ ሰውን እንደ ዕቃ መመዘን ነው፤ ጨዋታውስ የት ሄደ?» ብለው ተቃውመውናል። ተቃውሟቸው ከንቱ አይደለም። የፈራ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል። ስለዚህ አመልካቹ ሲገባ ተነሥተን ሰላምታ እንሰጣለን፤ ሻይ ይቀርብለታል፤ ስለ መንገዱም እንጠይቀዋለን። ለዚያ ግን ነጥብ አይሰጥም።

ስድስቱን ጥያቄዎች ለመምህራንና ቀድሞ በግምጃ ቤት ለሠራችሁ አባሎች በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እናሳያለን። እስከ ዓርብ ድረስ መጥታችሁ የማይረባውን ሰርዙልን፤ አመልካች የሆነና ለማመልከት ያሰበ ግን እንዳይመጣ እንለምናለን።